የእንጆሪ ለቃሚው ጉልበትና የሐኪሙ መዝገብ

ሐኪምና የአንትሮፖሎጂ ሊቅ የሆኑት ዶክተር ሴዝ ሆልምስ በ2013 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ትኵስ ፍሬ፣ የተሰባበረ ገላ» ሊባል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልን። መጽሐፉ በደቡብ ሜክሲኮ ከሚገኘው ከኦዋሃካ ተራራማ አገር እየተነሡ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ምዕራባዊ ገጠሮች እንጆሪ ስለሚለቅሙና የወይን ሐረግ ስለሚገርዙ የትሪኪ ተወላጆች ይናገራል። ስለ ገጠር ላቲኖዎች ጤና የሚጽፉ ሰዎች ዛሬ ይህን መጽሐፍ አዘውትረው ይጠቅሱታል። መመስገን የሚገባው ሥራ ስለ ሆነ እኔም ምስጋናውን አልነፍገውም። ነገር ግን ምስጋናው ከበዛ ወዲህ፣ መጽሐፉ ሊያፈርሰው የተነሣውን ስሕተት አንባቢዎቹ በእርሱ በራሱ እያመካኙ መልሰው እየሠሩት ነው። ስሕተቱም ብዙውን ሕዝብ በአንድ ስም ጠርቶ የአንዱን ሕመም የሁሉ ሕመም፣ የአንዱን ጤና የሁሉ ጤና አድርጎ መቍጠር ነው።

በመጀመሪያ መጽሐፉ ምን እንደሚል ልናገር። ዶክተር ሆልምስ ከአንድ ዓመት በላይ ከትሪኪዎች ጋር ኖረዋል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስካጂት ሸለቆ ከእነርሱ ጋር እንጆሪ ለቅመዋል፤ ክረምት ሲገባ አብረው ወደ ካሊፎርኒያ ወርደው በማዴራ ከተማ ብዙ ሰው በተጨናነቀበት ቤት አድረዋል፤ እስከ ኦዋሃካም ሄደው የመንደሩን ኑሮ አይተዋል። በ2004 ዓ.ም. የአሪዞናን በረሃ ከጓደኞቻቸው ጋር በእግር ሲያቋርጡ በድንበር ጠባቂዎች ተይዘው ታስረዋል። ጓደኞቻቸው ወደ ሜክሲኮ ሲመለሱ እርሳቸው አሜሪካዊ ዜጋ ስለ ሆኑ ተለቀቁ። ይህን ሁሉ ደራሲው ሳይደብቁ ይነግሩናል። እንጆሪ ለቅመው በዋሉ ቍጥር ጉልበታቸውና ወገባቸው ለቀናት ያማቸው እንደ ነበረ ይጽፋሉ፤ ደግሞም ከሌላው ለቃሚ የሚጠበቀውን ያህል ሳይለቅሙ ከሥራው ያልተባረሩት ባለ እርሻዎቹ ስለ ፈቀዱላቸው ብቻ መሆኑን ያምናሉ።

የእርሻው ሥርዓት በደረጃ የተደረደረ ነው። በላይ ባለ እርሻዎቹ አሉ፤ ቀጥሎ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ጸሐፊዎችና ሚዛን የሚቈጣጠሩ ወጣቶች፤ ከነዚያ በታች እስፓንኛ ተናጋሪዎች የሆኑ አለቆች፤ ከሁሉ በታች የኦዋሃካ ነባር ሕዝቦች። ሰው በደረጃ ዝቅ ባለ ቍጥር ሥራው ወደ መሬት ይጠጋል። ከላይ ያለው በወንበር ይቀመጣል፤ መካከለኛው ይቆማል፤ የመጨረሻው ጐንበስ እንዳለ ይውላል። በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 7 ዶላር ከ16 ሳንቲም ሲሆን ለአንድ ፓውንድ እንጆሪ የሚከፈለው 14 ሳንቲም ነበር። ስለዚህ ለቃሚው በየሰዓቱ 51 ፓውንድ፣ ማለት 23 ኪሎ ያህል፣ ቅጠሉን እየነቀለ ማምጣት ነበረበት። ይህን ያላሟላ ይሰናበታል። ወደ መጸዳጃ ላለመሄድና ጊዜ ላለማባከን ብዙዎች ምንም ሳይቀምሱ ወደ ሥራ ይወጣሉ። የትሪኪዎች ቁመት አጭር ስለ ሆነ ጐንበስ ማለት ይስማማቸዋል የሚሉ ሰዎች በእርሻው ላይ ነበሩ፤ ደራሲው ይህን ንግግር ከመዘገቡ በኋላ የሚሰጡት ትንታኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ክፍል ይመስለኛል። የሚበድለውም የሚበደለውም በደሉን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲቀበለው፣ በደሉ በደልነቱ መታየት ያቆማል።

ስለ ሦስት ሕመምተኞች የተጻፈው ምዕራፍ ግን ለብቻው ሊነበብ ይገባዋል። ደራሲው አቤሊኖ ያሉት ሰው እንጆሪ ሲለቅም ጉልበቱ ተጐዳ። ሐኪም ቀላል ሥራ እንዲሰጠው ቢያዝም በእርሻው ቢሮ ቀላል ሥራ ተከለከለ። ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ የተነገረው ነገር ሲለቅም አጐነባበሱን ስላላወቀበት ተጐዳ የሚል ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጐንበስ ብሎ ያረሰና የለቀመ ሰው ጐንበስ ማለት አያውቅም ተባለ። ክሬሴንሲዮ የተባለው ደግሞ አለቆች በሰደቡትና ባዋረዱት ቍጥር ጭንቅላቱን ይወጋዋል። ሕመሙ ሲብስ በሚስቱና በልጆቹ ላይ እንዳይቈጣ ይፈራል፤ የሚያስታግሥለት ቢራ ብቻ ሆኖ አገኘው። በክሊኒኩ ግን መድኃኒት የተፈለገው ለስድቡ ሳይሆን ለቍጣውና ለመጠጡ ነው። ሦስተኛው በርናርዶ ሆዱን ለብዙ ዓመት ታሟል። የመንግሥት ታጣቂዎች በአገሩ ይዘው ደብድበውታል፤ ሕመሙ የጀመረው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ያውቃል። በሐኪሙ መዝገብ የሰፈረው ቃል ግን ሰውዬው ቀድሞ ቦክስ ተጫዋች እንደ ነበረና በዚያ እንደ ተጐዳ የሚናገር ነው።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀምጫለሁ። ሐኪሟ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ደራሲውም ክፉ ነች አይሉም። ነገሩ ከበርናርዶ አፍ እስከ መዝገቡ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ጠፋ። መከራ ወደ ጨዋታ ተለወጠ። በሕክምና ትምህርት የሕመምተኛው ታሪክ የምርመራው ግማሽ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ ያ ግማሽ ሐሰት ሆነ።

ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከሩቅ የሚያየው ሰው ላቲኖ ብሎ የሚጠራውን የእርሻ ሠራተኛ ከቅርብ ሲያይ፣ ሜስቲሶው ከትሪኪው በላይ መሆኑን፣ ሚክስቴኩ ከሁለቱ መካከል መቆሙን፣ በአንድ ማሳ ላይ የሚውሉት ሰዎች በአንድ ቋንቋ እንደማይናገሩ፣ በአንድ ዓይነት እንደማይታመሙም አሳይቷል። ወቀሳዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስቱም ሕመምተኞች ወንዶች ናቸው። ሴቶች በመጽሐፉ ውስጥ የሉም ማለቴ አይደለም፤ ይለቅማሉ፣ ያበስላሉ፣ ልጅ ያዝላሉ። ነገር ግን ከነርሱ መካከል አንዲቱ እንኳ እንደ አቤሊኖ ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትሄድ ተከትለናት አናነብም። የገጠሩ ላቲኖ ሕዝብ እያደገ ነው ሲባል ዕድገቱ የሚመጣው ከስደት ብቻ አይደለም፤ ከወሊድም ነው። የሚያድገው ማኅበር የሚያስፈልገው ሕክምና አንደኛው የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና ነው። በአሜሪካ ገጠሮች ደግሞ የማዋለጃ ክፍላቸውን የዘጉ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው፤ ማም ወይም ኪቼ ብቻ የምትናገር የጓቲማላ ማያ ሴት ምጥ ይዟት ሩቅ መንገድ ተጕዛ ስትደርስ፣ ከሐኪሙ ጋር የሚያግባባት ሰው ካልተገኘ ስለ ፈሰሰው ደሟ እንኳ መናገር አትችልም። የጉልበት ሕመም ሊያድር ይችላል። ይህ አያድርም።

ሁለተኛው ነገር ከመጽሐፉ ይልቅ መጽሐፉን የሚጠቅሱትን ይመለከታል፤ ጥናት ለምንማር ተማሪዎችም ዋነኛው እርሱ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። የሂስፓኒክ ትውልድን የሚመለከት ጥያቄ በአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ ላይ በ1970 ዓ.ም. ለተመረጡ ጥቂት ቤተ ሰቦች ብቻ ቀረበ። በ1977 ዓ.ም. የፌደራሉ መንግሥት የበጀት መሥሪያ ቤት ሁሉም መሥሪያ ቤቶች በአንድ ዓይነት እንዲመዘግቡ ደንብ አወጣ፤ በ1980 ዓ.ም. ጥያቄው ለሁሉ ሰው ቀረበ። በ1997 ዓ.ም. «ላቲኖ» የሚለው ቃል ተጨመረ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የዘርና የትውልድ ጥያቄዎች በአንድ እንዲጠቃለሉ ተወሰነ። በ2020 ዓ.ም. ቈጠራ በዚህ ስም የተመዘገበው ሰው 62.1 ሚሊዮን ነበር። ይህ ከኢጣልያ ሕዝብ የሚበልጥ ቍጥር ነው፤ ኢጣልያኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም ይታመማሉ የሚል ሐኪም ግን አላጋጠመንም።

በዚህ ስም ውስጥ እነማን እንዳሉ እንመልከት። በሰሜን ኒው ሜክሲኮ መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች አያቶቻቸው አሜሪካ ወደዚያ ሳትደርስ እዚያው ያርሱ ነበር፤ በ1848 ዓ.ም. በጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል ከነመሬታቸው ወደ አዲሱ መንግሥት ዞሩ። ስደተኛ ብሎ የሚጠራቸው ቢኖር አያቱ ከነርሱ በኋላ የመጣ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ፖርቶ ሪካውያን ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ በኮኔቲከት የትምባሆ ማሳና በኒው ጀርሲ የአትክልት እርሻዎች በውል ሠርተዋል፤ ማንም ከአገር ሊያስወጣቸው አይችልም። በቴክሳስ ድንበር «ኮሎንያ» በሚባሉት ሰፈሮች ደግሞ ቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መውረጃ ሳይዘረጋ መሬት የተሸጠላቸው ቤተ ሰቦች ኖረዋል። ከዚያ ሌላ ሜክሲኮ 68 የአገር ተወላጅ ቋንቋዎችን፣ ጓቲማላም 22 የማያ ቋንቋዎችን የምትቈጥር ስለ ሆነች፣ ከእነዚህ አገሮች ለመጣ ገበሬ እስፓንኛ ራሱ የባዕድ ቋንቋ ሊሆን ይችላል።

ሕመማቸውም እንደዚሁ ይለያያል። የፖርቶ ሪካውያን ልጆች በአስም ብዙ ይታመማሉ፤ የሜክሲካውያን ልጆች ግን በአስም የሚታመሙት ከብዙዎቹ የአሜሪካ ልጆች አንሰው ነው። ሁለቱን ደምሮ የላቲኖ ልጆች አስም ይህን ያህል ነው ብሎ መጻፍ ረጅሙንና አጭሩን ሰው አቁሞ ለሁለቱም መካከለኛ ልብስ መስፋት ነው። በቴክሳስ በስታር ካውንቲ በሜክሲኮ አሜሪካውያን ላይ ለብዙ ዓመታት የተካሄደው ጥናት የስኳር በሽታ ምን ያህል እንደ ተስፋፋባቸው አሳይቷል። በካሊፎርኒያ በሳን ዋኪን ሸለቆ ከአፈር ከሚነሣ ፈንገስ የሚመጣ የሳንባ በሽታ አለ፤ አቧራ የሚቅም ሁሉ ይጋለጥበታል። በሰሜን ካሮላይና እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅመው ሠራተኛ ኒኮቲኑ በቆዳው ገብቶ ያስታውከዋል፤ ራሱን ያዞረዋል። እነዚህን ሁሉ የሚያክመው ሐኪም በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ላቲኖ ነህን?» ብሎ ሳይሆን «ከወዴት መጣህ? ምን ስትሠራ ትውላለህ?» ብሎ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ማርኪደስና ኮሬይል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩት ሂስፓኒኮች ድኾች ሆነው ሳለ የሞታቸው መጠን ከነጮቹ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ «የሂስፓኒኮች እንቈቅልሽ» ተባለ። ብዙ ጽሑፍ ወጣበት፤ ጥሩ ጥሩ መልስም ተሰጠው። ለስደት የሚነሣው ከመንደሩ ጤነኛው ነው፤ በሽታ የጠናበት ወደ አገሩ ተመልሶ ስለሚሞት ሞቱ በአሜሪካ መዝገብ አይገባም፤ በሞት ምስክር ወረቀት ላይ የትውልድ ዓይነት የሚሞላው ብዙ ጊዜ የቀብር አስፈጻሚው ስለ ሆነ ይሳሳታል። ሌላም ሌላም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ እንቈቅልሽ በመንግሥት ወረቀቶች ውስጥ የሚያገለግለው አገልግሎት ነው፤ ረጅም ዕድሜ የሚኖር ሕዝብ ክሊኒክ አያስቸኵለውም ለማለት ይመቻል። በ2019 ዓ.ም. የሂስፓኒኮች የዕድሜ ግምት 82 ዓመት ገደማ ነበር። በ2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ያ ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት ያህል ወረደ፤ ከነጮቹ ይልቅ እጅግ የበዛ መውረድ ነው። ለብዙ ዘመን በአማካይ ቍጥር ተሸፍኖ የኖረው ነገር ገሃድ ወጣ።

በገጠር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። የአንድ ካውንቲ ሕዝብ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ላቲኖው ጥቂት ነው፤ ከላቲኖው ውስጥ የማም ተናጋሪው ከጥቂት ጥቂት ነው። የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት የሞት ቍጥር ከ10 ሲያንስ በሰንጠረዡ ላይ አያወጣውም፤ የሟቾቹ ማንነት እንዳይታወቅ ነው። ምክንያቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ውጤቱ ግን፣ ችግሩ እጅግ የከበደበት ትንሹ ማኅበር በሰንጠረዡ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል፤ ባዶ ሳጥንን ያየ ባለ ሥልጣን ችግር የለም ብሎ ያነበዋል። የዶክተር ሆልምስ መጽሐፍ የተወደደው ይህን ባዶ ሳጥን በሰው ታሪክ ስለ ሞላው ነው። አንባቢዎቹ ግን ሌሎቹን ሳጥኖች ሁሉ በዚያው በትሪኪ ታሪክ መሙላት ጀመሩ። የቴክሳሷ አሮጊት፣ የነብራስካው ሥጋ ቈራጭና የኒው ሜክሲኮው ከብት አርቢ በአቤሊኖ ጉልበት ይወከላሉ። ደራሲው ይህን አላዘዙም፤ ነገር ግን እንዳይሆን የሚከለክል ቃል በመጽሐፋቸው ውስጥ ብዙ አላገኘሁም።

ሥጋ ቈራጩን ካነሣሁ አይቀር፣ የዛሬው የገጠር ላቲኖ ማኅበር አብዛኛው መከሩን እየተከተለ የሚዞር አይደለም። ትልልቆቹ የሥጋ ኩባንያዎች የሠራተኛ ማኅበር ከበረታባቸው ትልልቅ ከተሞች ወጥተው ከብቱ ወደሚደልብበት ገጠር መግባት በጀመሩ ጊዜ ሠራተኛውን ወደዚያው ሳቡት። በካንሳስ በጋርደን ሲቲ አጠገብ ትልቁ የከብት ማረጃ በ1980 ዓ.ም.፣ በነብራስካ በሌክሲንግተን ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ተከፈተ። አብዛኛው ነዋሪያቸው ነጭ የነበረባቸው ከተሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለወጡ። ስለ ጋርደን ሲቲ ዶናልድ ስታልና ማይክል ብሮድዌይ የጻፉት ጥናት በዚህ በኩል ከዶክተር ሆልምስ ይልቅ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የሆስፒታሉን መጨናነቅ አብሮ ያያል። በማረጃው ሰንሰለት ፊት የቆመው ሰው አንዲቱን የቢላዋ እንቅስቃሴ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግማል፤ የእጁ አንጓ ነርቭ ይጨቈናል፤ ሌሊት እጁ ደንዝዞ ከእንቅልፉ ይነሣል። ሠራተኛው ቤት ሠርቶ ልጅ ወልዶ ተቀምጧል፤ የሚያስፈልገው ለመከር ጊዜ ብቻ የሚመጣ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ሳይሆን የደም ግፊቱንና ስኳሩን ሃያ ዓመት የሚከታተልለት ሐኪም ነው።

በነዚህ ፋብሪካዎች ላቲኖዎች ብቻቸውን አይቆሙም፤ ከጐናቸው የእኛም ሰዎች አሉ። በሚኒሶታ በዎርዚንግተን ከተማ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ከጓቲማላና ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር ይሠራሉ። አሳማን በማይበላ ሃይማኖት ያደገ ሰው ቀኑን ሙሉ አሳማ ሲበልት መዋሉ ለብቻው ጥናት የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ዋናው ነገር፣ በ2020 ዓ.ም. ወረርሽኙ በሥጋ ፋብሪካዎች ሲዛመት ሰንሰለቱ ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆሙት እነዚህ ሰዎች መሆናቸው ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው የመንግሥት ዘገባ በ239 ፋብሪካዎች 16,233 ሕመምተኞችና 86 ሙታን ቈጥሯል። ትውልዳቸው ከታወቀው ሕመምተኞች መካከል ከመቶ 56ቱ ሂስፓኒኮች ነበሩ። ትውልዱ የታወቀው ግን ከጠቅላላው ከመቶ 61ዱ ብቻ ነው። የቀሩት ከየት እንደ መጡ የጠየቃቸው የለም፤ ወይም ተጠይቀው አልተጻፈም።

ስለ መጽሐፉ የሐሳብ መሠረትም አንድ ነገር ልበል። ዶክተር ሆልምስ ለሕመሙ ሁሉ ምክንያት አድርገው የሚያቀርቡት ሥርዓት የወለደውን ግፍ ነው። ባለ እርሻዎቹ በገበያ ውድድር ተይዘዋል፤ ሐኪሞቹ በጊዜና በገንዘብ እጥረት ተይዘዋል፤ አለቆቹ ከበላዮቻቸው ታዝዘዋል። ለሁሉም ይራራሉ። ርኅራኄው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ተይዞ ከሆነ ያዡ ማን ነው? ሥርዓት የሚባለው ነገር ስም የሌለው ጭጋግ አይደለም፤ ቀንና ቍጥር ያላቸው ሕጎች ስብስብ ነው። በ1935 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኞች የመደራጀት ሕግ የእርሻ ሠራተኞችን ከውስጡ አስወጣ። በ1938 ዓ.ም. ዝቅተኛ ደመወዝንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን የደነገገውም እንዲሁ አስወጣቸው፤ በ1966 ዓ.ም. በትልልቅ እርሻዎች ያሉት ዝቅተኛ ደመወዝ ቢፈቀድላቸውም በፌደራሉ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዛሬም የላቸውም። በ1962 ዓ.ም. ለወቅታዊ የእርሻ ሠራተኞች ክሊኒክ የሚሆን ገንዘብ በሕግ ተፈቀደ፤ ይህ መልካም ሥራ ነበር፤ ዛሬም በዚህ ገንዘብ የሚታከሙ አሉ። በ1996 ዓ.ም. ግን ሌላ ሕግ ወጥቶ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ከፌደራል የሕክምና ዕርዳታ አራቀ፤ ፈቃድ ካገኙትም ብዙዎቹ 5 ዓመት እንዲጠብቁ አደረገ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ትልቁ የጤና ኢንሹራንስ ሕግም ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች በገንዘባቸው እንኳ በመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ እንዳይገዙ ከለከለ። የአቤሊኖን ጉልበት ታሪክ የሚያነብ ተማሪ እነዚህን ሕጎች በየዓመታቸው ተደርድረው ቢያገኛቸው፣ የሚከራከርበት ነገር በእጁ ይገባ ነበር። መጽሐፉ ስለ ንግድ ውልና ስለ ድንበር ይናገራል፤ ብዙውን ኃይሉን ግን ከፈረንሳይ አገር ሊቃውንት በተወሰዱ ቃላት ላይ አውሏል። ቃላቱ ጥልቅ ናቸው። ሕግ ግን አይሽሩም።

በተቃራኒው ሕግ ሲለወጥ ገላም ይለወጣል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ2021 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት የእርሻ ሠራተኛ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራ የትርፍ ሰዓት ይከፈለዋል። ይህም ከሰማይ አልወረደም። መጽሐፉ በታተመበት በ2013 ዓ.ም. በዚያው በስካጂት ሸለቆ በአንድ የእንጆሪ እርሻ ላይ የሚሠሩ የሚክስቴክና የትሪኪ ተወላጆች ሥራ አቁመው «ፋሚልያስ ኡኒዳስ ፖር ላ ሁስቲሲያ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ለዓመታት ገዥዎች እንጆሪውን እንዳይገዙ አስተባበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ድምፅ ሰጡ፤ በ2017 ዓ.ም. ከባለ እርሻው ጋር የጋራ ውል ተፈራረሙ። ዶክተር ሆልምስም በነበሩበት ጊዜ ስለ ተደረገ አጭር አድማና በኋላ ስለ ታጠፈ ተስፋ ይተርካሉ፤ ነገር ግን ከምዕራፉ ዳር አልፈው አልገቡበትም። በመጽሐፉ መካከል የምናየው ትሪኪ የሚታመምና የሚታገሥ ሰው ነው፤ ዝም ያለውም መከራውን ተፈጥሮ አድርጎ ስለ ተቀበለው ነው ይባላል። ያው ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠበቃ ይዞ በድርድር ጠረጴዛ መቀመጡን ስናይ፣ ዝምታው የመቀበል ዝምታ ነበረ ወይስ የመጠበቅ ብለን እንድንጠይቅ እንገደዳለን።

ይህን ጥያቄ መጽሐፉ ሊመልስ ያልቻለበት ምክንያት ወደ ቋንቋው ነገር ይመልሰኛል። በ2000 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሰጡት ትእዛዝ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሰዎች አገልግሎታቸውን እንዲያመቻቹ መመሪያ ወጥቶ ነበር። ያ ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ዓ.ም. እንግሊዝኛን የመንግሥት ቋንቋ ባደረገው አዲስ ትእዛዝ ተሽሯል። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብት ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ ግን አልተሻሩም፤ ስለዚህ ግዴታው በሕግ አለ፤ የሚያስታውሰው መመሪያ ጠፋ። ደግሞም ያ ግዴታ ሲፈጸም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በእስፓንኛ ነው። ለትሪኪው ሰው ከሐኪሙ እንግሊዝኛ ወደ እስፓንኛ፣ ከእስፓንኛ ወደ ትሪኪ የሚመልሱ ሁለት አስተርጓሚዎች ያስፈልጋሉ፤ በካሊፎርኒያ በፍሬስኖ የኦዋሃካ ተወላጆች ያቋቋሙት ድርጅት እንዲህ ያሉ አስተርጓሚዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ይህ ሥራ ከማናቸውም የሐሳብ ትንታኔ ይልቅ የበርናርዶን መዝገብ ያቀናው ነበር።

ዶክተር ሆልምስ ከትሪኪዎች ጋር አብዛኛውን የተነጋገሩት በእስፓንኛ ነው፤ ትሪኪን ጥቂት ብቻ ተምረዋል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በማታ ስለ አለቆቹ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ አድማው ሲያወሩ ያወሩት በትሪኪ ነው። ሐኪሞቹን ሕመምተኛውን በሁለተኛ ቋንቋው ሰምተው ፈረዱበት ብሎ የሚወቅሰው መጽሐፍ ራሱ የተጻፈው ሰዎቹን በሁለተኛ ቋንቋቸው በመስማት ነው። ደራሲው ሌላውን ሁሉ፣ እስራታቸውንም የጉልበታቸውንም ሕመም፣ በሰፊው ሲተርኩ ይህን ግን በጥቂት ቃላት ያልፉታል።